ቀበናዋን ያቀናችው ሸዋዓለም

የሸዋዓለም ቤት የፈረሰው እሷ ጎባ ገበያ በዋለችበት ቀን ነው።

ጨውና ላምባ ገዝታ፣ በሰኔ ጭቃ እየተንሸራተተች፣ ወደ ቡርቃ የሚያወጣውን አቀበት ጨረሰች። ጉብታው ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታያት የቤቷ ጉልላት ነበር። የዚያን ቀን ጉልላት የለም። መጀመሪያ መንገድ የሳተች መሰላት። ቀጥሎ ጉሙ ነው አለች። ጥቂት እንደተራመደች ጉሙ ገለጥ ሲል፣ የጣሪያው ሣር በግቢው ተበትኖ፣ ግድግዳው ባዶውን ቆሞ አየች። ዕቃዋ አጥሩ ሥር ተከምሯል። አማቷ እማማ ወለተኢየሱስ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ዘመን ያለፋቸው አሮጊት፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ዝናብ ይወርድባቸዋል።

"ማነው?" አሉ ኮቴ ሰምተው።

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ሸዋዬ፣ ጣሪያችን ሳይቀደድ አልቀረም። ውሃው በላዬ ላይ ነው የሚወርደው። እስቲ አምባዬን ጥሪልኝ፣ ይክደንልን።"

ጎረቤታቸው አምባዬ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። ጣሪያውን ሲገፍፉ ከዋሉት አንዱ እሱ ነበር፤ ጋቢው ላይ አሁንም የሣር ብናኝ አለ። ሸዋዓለም ስታየው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። መንደሩ ስሙን ያገኘው ከጎባ በላይ፣ ተራራው ሊጀምር ሲል፣ ከአለት ሥር ከሚፈልቀው ውሃ ነው። መሬቱ በሙሉ የግራዝማች ብዙነህ ነበር። አባቱ ከሰሜን ጠመንጃ ይዞ መጥቶ "አገር አቀና" ተብሎ ቦታው ከነሰዉ የተሰጠው ሰው ነው። ልጅየው ሲወርስ በቡርቃ ያለው ሁሉ፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ የግራዝማች ጭሰኛ ሆኖ አገኘው። ከእሸቴ በቀር።

እሸቴ የሸዋዓለም ባል ነበር። በጣሊያን ጊዜ ከግራዝማች ጋር ዱር ገብቶ፣ ግራዝማች ጭኑን ተመትቶ ሲወድቅ አዝሎ ከገደል ያወጣው እሱ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ግራዝማች በሰው ፊት፣ "ይህ የምንጩ ራስ ያንተ ነው፤ አንተም ሚስትህም እስክትሞቱ ማንም አይነካችሁ" አለው። ቃል ነበር። ያን ጊዜ ወንድ በአደባባይ የተናገረውን ቃል ያጥፋል ብሎ ማን ያስባል? ሸዋዓለም ጎባ ተወልዳ ያደገች የወታደር ልጅ ናት። ቡርቃ ስትወጣ እግሯ ጭቃውን፣ አፏ ኦሮምኛውን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። ልጅ ግን አልሰጣቸውም። እሸቴ ደሎ መና ወርዶ የቆላ ንዳድ ይዞት ሲሞት፣ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና ዓይነ ስውሯ አማቷ ብቻ ናቸው።

እንደራሰች ግራዝማች ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ ካባውን ደርቦ ተቀምጧል።

"ግራዝማች፣ ቤቴን ማን አፈረሰው?"

"እኔ አስፈረስኩት" አለ፣ ስለ አየሩ እንደተጠየቀ ሰው። "ቦታው የእሸቴ ነበር፤ እሸቴ አረፈ። ልጅ ትቶ ቢሆን ለልጁ በተውኩለት። ልጄ ተክለማርያም ሊያገባ ነው፣ ምንጩ ራስ ላይ ቤት ልሠራለት አስቤያለሁ። ዘር የሌላት ሴት ያን ያህል ቦታ ምን ታደርግበታለች? አንቺ ታች፣ ረግረጉ አጠገብ፣ ከጭሰኞቹ ጋር ጎጆ ቀልሺ። ማን ከለከለሽ?"

"እማማ ዝናብ ላይ ናቸው።"

"እንግዲህ ለአንዱ ጎረቤት ንገሪያ።"

ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ የአምባዬ ሚስት ማሚቱ ባሏን ሳታስፈቅድ አሮጊቷን ደግፋ ወደ ቤቷ አስገባች። ግን ብርዱ ቀድሞ ደረታቸው ገብቷል። ሳምንቱ ሳይሞላ አረፉ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጣሪያውን ማን እንዳፈረሰው የነገራቸው የለም፤ በየመሀሉ "አምባዬ መጣ ወይ?" እያሉ ነበር የሞቱት።

በለቅሶው ግራዝማች አንድ ሙክት ላከ። ሸዋዓለም ተነሥታ የሙክቱን ገመድ ፈታችና ወደ ሜዳው ለቀቀችው። እንባ አላፈሰሰችም። አልቃሾቹ ተያዩ።

ታላቅ ወንድሟ ከጎባ መጥቶ ነበር። ለቅሶው ሲበተን ወደ ጎን ወሰዳትና ትከሻው ላይ ያለውን አሮጌ አልቤን ጠመንጃ መታ መታ አደረገ። "አንድ ጥይት ይበቃዋል። ደም ነው፤ እማማን የገደለ እሱ ነው።"

"ለመግደልማ ማን ይሳነዋል?" አለች። "ትገድለዋለህ፣ ይለቀስለታል፣ ልጁ ይወርሳል፣ አንተ ትሰቀላለህ። ቡርቃ እንዳለች ትኖራለች። እኔ የምፈልገው በሕይወቱ እንዲያየው ነው። ሰው አልባ ነው የማደርገው።"

"በምን አቅምሽ?"

"እሱን ገና አላወቅሁም።"

ጎባ ወርዳ ወንድሟ ጓሮ ባለች ክፍል ተቀመጠች። ዳቦ እየጋገረች ለነጋዴ ትሸጥ ጀመር። ሰው ሐዘኗ ቀለል እንዳለላት አወራ፤ እሷ ግን ቂሟን እንደ እርሾ ከድና ነበር ያስቀመጠችው፣ ቀን በቀን ይነፋል።

ከደንበኞቿ አንዷ ዙህራ የምትባል ነጋዴ ናት። ከደሎ መና ቡናና ማር በበቅሎ ጭና የሳነቴን ተራራ አቋርጣ ጎባ የምትገባ፣ ከወንዶቹ ነጋዴዎች ጋር እኩል የምትምል፣ እኩል የምትሳደብ ሴት። አንድ ቀን ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቆ መጣች።

"ወላሂ ሸዋዓለም፣ ዘንድሮ ሳነቴ ሊበላን ነበር። ሁለት በቅሎ ደርቆ ቀረብን። ሰውም ለትንሽ ነው የተረፈው። ከተራራው ስትወርጂ ቀበናዋ የሚሏት ሜዳ አለች። እዚያ ላይ አንድ ጣሪያ፣ አንድ እሳት ቢኖር፣ ነጋዴው ሁሉ ባለቤቱን እንደ እናቱ ነበር የሚያየው። ግን ማን እብድ እዚያ ይኖራል?"

"ቀበናዋ የት ነው?"

"ከቡርቃ በላይ ነዋ! ገደሉ ጠርዝ ላይ ብትቆሚ የዚያ የግራዝማችሽ ጓሮ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ዶሮ ሲያባርር ሁሉ።"

ሸዋዓለም ዳቦ የምትቆርስበትን ቢላ አስቀመጠች። ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። "ስትመለሺ ይዘሽኝ ትወጫለሽ" አለች።

ቀበናዋ በኦሮምኛ ቀዝቃዛዋ ማለት ነው፤ ስሟ አይዋሽም። ዛፍ የላትም። አስታ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም ሰው መስሎ በጉም ውስጥ የሚቆም ጅብራ፣ የቀረው ጓሳ ሣር ነው። ማለዳ ማለዳ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ሸዋዓለምና ዙህራ ሲደርሱ ዳቢሴ የሚባል ሽማግሌ ከብቶቹን እየነዳ አገኙት። በበጋ ከብቱን ሆራ ለማጠጣት፣ ያን ጨው ጨው የሚል የማዕድን ውሃ ማለት ነው፣ ጎሣው በዚያ በኩል ነው የሚወጣው።

"አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ" አላት፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ እንደማለት። "እዚህ ምን ፈለግሽ?"

"ቤት ልሠራ ነው አባቴ።"

ዳቢሴ በትሩን ተደግፎ አያት። "ይህ ቦታ ሰው ያድርበታል እንጂ አይኖርበትም። አባቶቻችን በበጋ ይወጣሉ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ይወርዳሉ። ክረምቱን የከረመበት ሰው አላውቅም። ብርዱ ክፉ ነው።"

"ከብዙነህ ይከፋል?"

ሽማግሌው ገደሉን ቁልቁል አየ። የቤቷን ነገር ሰምቷል። የእሱም ጎሣ የታችኛው ግጦሽ በግራዝማች አባት ጊዜ የተወሰደበት ነው፤ እሱ ደግሞ ያን አልረሳም። "ጋሪ፣ መልካም" አለ። "አንድ ነገር ማይልኝ። የከብቱን መንገድ ወደ ሆራ አትዘጊም።"

ማለችለት። ቃሏንም እስከ ዕድሜዋ ጠበቀች፤ በኋላ መንደሩ ሲሰፋ አጥሩን ወደ ከብቱ መንገድ የገፋ ሰው ቢኖር አጥሩን በገዛ እጇ ነበር የምትነቅልበት።

የመጀመሪያው ቤቷ ግማሹ ጉድጓድ ነበር። የዳቢሴ ልጆችና ወንድሟ ዳገቱን ቆፍረው፣ ድንጋይ ደርድረው፣ ጣሪያውን በጓሳ ከደኑላት። ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ወረዱ፤ እሷ ቀረች። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ ደጋግማ ማውራት አትወድም ነበር። ኩበትና አስታ እያነደደች፣ በዳቦው ገንዘብ ከገዛቻቸው በጎች መሀል እየተኛች፣ በረዶ ጣሪያውን ሲደበድብ እያደመጠች ከረመች። አንዳንድ ቀን ከንፈሯ አልከፈት ይላታል። ጉሙ በተገለጠ ጠዋት ግን ገደሉ ጠርዝ ላይ ሄዳ ትቆማለች። ቡርቃ ከሥሯ ናት። ምንጩ ራስ ላይ፣ የእሷ ቤት በነበረበት፣ የተክለማርያም አዲስ ቤት ተሠርቷል። ከየጣሪያው የሚወጣውን ጭስ እያየች የየማን እንደሆነ ትለያለች።

"ብዙነህ!" ትላለች፣ እዚያ ላይ ብቻዋን ስትሆን አንተ ነው የምትለው። "ደጅህን ዳዋ ይልበሰው። እሳት የሚጭርልህ አይኑርህ።"

ከዚያ እየተንቀጠቀጠች ተመልሳ ኩበቷን ትለጥፋለች። ቂም ነው ያቆያት። ሌላ ሰው ቢሆን ወርዶ ነበር።

በጋ ሲመጣ ነጋዴው መጣ። ዙህራ አፏን ከፍታ አስወርታላታለች። ከሳነቴ ደንዝዞ የወረደ ሰው ቀበናዋ ላይ እሳት፣ ትኩስ የገብስ ቅንጬ፣ ለበቅሎው ድርቆሽ ያገኛል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን፣ ጎባም የገዢው መቀመጫ ሆና ቢሮውና ቢሮተኛው ሲበዛ፣ የቡናና የማር ፈላጊው በዛ፤ የመንገዱም ሰው በዛ። ሸዋዓለም ነጋዴዎቹን አሳመነቻቸውና ከሳምንቱ አንዱን ቀን ቀበናዋ ላይ ገበያ ቆመ።

ገበያውን ያሰበችው ለነጋዴው ብላ አልነበረም። የቡርቃ ሰው ጨው ፍለጋ ጎባ ከሚወርድ ገደሉን መውጣት ይቀርበዋል። ወጣ። አየም። ግራ ቀኙ የመንግሥት ጠፍ መሬት ነው፤ እኩል አካፍል የሚል የለም፣ ለበዓል ማር አምጣ የሚል የለም፣ ለጌታ ሠርግ እንጨት ቁረጥ የሚል የለም። ገብሱ ዘግይቶም ቢሆን ያፈራል። በጉ ይወፍራል። አንድ ጭሰኛ ቀረብ ብሎ፣ "እትዬ ሸዋዓለም፣ እኔስ ብመጣ?" አላት።

"መምጣትማ ትችላለህ። ግን ቤትህን ትተህ አትመጣም። ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ በሩን፣ ጉልቻውን ሳይቀር ነቅለህ ትመጣለህ። ቡርቃ ላይ ያንተ የሆነ አንድ እንጨት ቆሞ ከቀረ፣ እዚህ አንድ ክንድ ቦታ የለህም።"

"ምነው?"

"እዚህ እንጨት የለማ" አለች። ውሸት አይደለም፤ ቀበናዋ ላይ እንጨት የለም። ግን ያን የሰማ ሁሉ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ያውቃል።

ሰውዬው ነቀለና መጣ። ቀጥሎ ሌላው። ሰው ምሰሶ ተሸክሞ ገደሉን ሲወጣ እሷ ጠርዙ ላይ ቆማ ታያለች። ቡርቃ ላይ አንድ ቤት በፈረሰ ቁጥር እንደ ሠርግ ቀን ራሷን ቅቤ ትቀባለች።

ግራዝማች መጀመሪያ ሳቀ። "አንድ ክረምት ይበቃቸዋል፤ ብርዱ ራሱ እየነዳ ይመልስልኛል" አለ። ክረምቱ አለፈ፣ የተመለሰ የለም። ያን ጊዜ በቅሎውን ጭኖ ጎባ ወረደ፣ ቀበናዋ የአባቴ ርስት ናት ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ሁለቱንም ወገን አስጠራ። ሸዋዓለም ዳቢሴንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ይዛ ቀረበች። ዳቢሴ ሲጠየቅ ተነሥቶ እንዲህ አለ።

"ጌታዬ፣ መሬት ቀላጆቹ የመጡ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ግብር እንዳይበዛበት ብሎ ግራዝማች በፊታችን ማለ። 'ከገደሉ በላይ ያለው የእኔ አይደለም፣ የጅብ አገር ነው' አለ። እኛም ሰማን፣ መሬቱንም ሳይለኩት ሄዱ። አሁን ምን ይላል? እኛ ጅቦቹ መጥተናል።"

ችሎቱ ሳቀ። ግራዝማች ፊቱ ጠቆረ። መሐላውን የካደ እንደሆነ በሐሰት ምሏል፣ ያመነ እንደሆነ መሬቱ የእሱ አይደለም። ዳኛው ክሱን ዘጋ። ሸዋዓለም ስትወጣ እንደ ልማዷ እጅ ነሣችው። "ግራዝማች፣ ደህና ይግቡ። መንገዱ ጭር ብሏል አሉ፣ ይጠንቀቁ።"

ከዚያ በኋላ የቡርቃ መፍለስ እንደ ክረምት ጎርፍ ሆነ። ሰው ሰውን እያየ ሄደ። አንድ ዝናባማ ቀን አምባዬ ምሰሶ በትከሻው፣ ማሚቱ ልጅ በጀርባዋ፣ ከሸዋዓለም ደጅ መጥተው ቆሙ። ሸዋዓለም በሩ ላይ ተቀመጠችና ታያቸው ጀመር። ግቡ አላለችም። ማሚቱን ብቻ ጠርታ ልጁን ይዛ እሳት ዳር እንድትቀመጥ አደረገች። አምባዬ ምሰሶውን ሳያወርድ ዝናቡ ላይ ዋለ።

ሲመሻሽ ማሚቱ አልቻለችም። "እትዬ፣ ስለ ማርያም! ግራዝማች አስገድዶት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ሸዋዓለም። ወጥታ አጠገቡ ቆመች። "አምባዬ፣ ጣሪያውን ስትገፍፍ እማማ ከውስጥ ድምፅህን ሰምተው 'አምባዬ ነህ?' አላሉህም?"

አምባዬ ምሰሶውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። "ብለውኛል።"

"ምን አልካቸው?"

"ዝም አልኳቸው።"

"ቦታህ ያ ነው" አለች፣ ነፋሱ ቀጥታ የሚመታውን የገደሉን ጠርዝ እያሳየችው። "ወደ ቀበናዋ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ጣሪያውን የምትከድነው ደግሞ አንተ ነህ። ለሁሉም። እስክትሞት።"

አምባዬ ከደነ። ጠጉሩ እስኪሸብት ከደነ። ለአንድ ቀንም እምቢ አላለም፤ ደግሞም በባሌ ደጋ እንደ እሱ ጓሳ የሚከድን እንደሌለ ሰው መሰከረለት። ሸዋዓለም ግን አንድ ጊዜም እጅህ ይባረክ አላለችውም።

ቡርቃ ላይ የግራዝማች አባት የተከለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቄሱ ገብረወልድ ቅዳሴ ላይ የሚቆምላቸው ሕዝብ እያነሰ፣ ቆይቶም ግራዝማችና የልጁ ቤተሰብ ብቻ ሲቀሩ፣ ጎባ ድረስ ወርደው ፈቃድ አመጡ። ታቦቱ ሕዝቡ ወዳለበት ሊወጣ ሆነ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት የቀበናዋ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ገደሉን ወረደ። ሙስሊሞቹም ከበሮው እስኪመጣ መንገዱን ጠርገው ጠበቁ።

ግራዝማች ጠመንጃውን ይዞ መንገዱ መሀል ቆመ። "አባቴ የተከለው ታቦት ነው! አንድ እርምጃ ብትሄዱ እተኩሳለሁ!"

ቄሱ አልቆሙም። ታቦት የተሸከመ ሰው ምን ብሎ ይቆማል? ዝማሬው አልተቋረጠም። ሰልፉ ቀረበው፣ ቀረበው፣ በመጨረሻ የጃንጥላው ጥላ በላዩ ላይ ሲያርፍ የግራዝማች ጉልበት ታጠፈና ግንባሩ መሬት ነካ። ሕዝቡ እንደ ወንዝ ድንጋይ በግራና በቀኙ አለፈው። ሸዋዓለም ከኋላ ነበረች። ስታልፍ ነጠላዋ ትከሻውን ነካው። ቀና ብሎ አያት። እሷ እልልታዋን አላቋረጠችም።

ቀጥሎ የመጣው ራሱ ተክለማርያም ነው። ደግ ሰው ነው፣ የአባቱን ክፋት አልወረሰም ይሉታል። ሚስቱ አልቀመጥም ብላዋለች፤ ልጆቿ የሚጫወቱበት እኩያ፣ ስትታመም ውሃ የሚያቀብላት ጎረቤት የለም።

"እትዬ፣ ያ ቤት ባንቺ ቦታ ላይ መሠራቱን አውቃለሁ" አላት አቀርቅሮ። "ያን ጊዜ አባቴን ልከለክለው አልቻልኩም።"

"አንተን አልጠላህም" አለችው። "ሕጉ ግን ላንተም አንድ ነው።"

ተክለማርያም ቤቱን ነቀለ። አምባዬ ነው ወርዶ ጣሪያውን የፈታለት። ሸዋዓለም የዚያን ቀን ሥራ ፈትታ ገደሉ ጠርዝ ላይ ዋለች። የምንጩ ራስ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ቀረ። ከታች በረንዳው ላይ ካባ የለበሰ ሰው ተቀምጦ ያያል። አልተንቀሳቀሰም።

በሚቀጥለው በጋ ግራዝማች በቅሎ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ወደ ቀበናዋ ወጣ። አርጅቷል። ካባው ተቀዷል፣ የሰፋለት የለም። ገበያው መሀል ሲያልፍ ድሮ ጭሰኞቹ የነበሩት ሰዎች ከልማድ የተነሣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ግን አንድም በቅሎውን የያዘለት አልነበረም። ከሸዋዓለም ደጅ ደረሰ። ይውረዱ አላለችውም።

"ሸዋዓለም፣ የመጣሁት ልለምንሽ ነው።"

"ይናገሩ።"

"አንድ ቤተሰብ ስጪኝ። አንድ ብቻ። እሳት የሚጭርልኝ፣ ድምፁን የምሰማው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳላይ እውላለሁ። ዋሾ አትበይኝ፣ ከውሻዬ ጋር ነው የማወራው። እኩል አላካፍላቸውም፤ መሬቱን በነፃ አርሰው ይብሉ።"

"ሰው በግ አይደለም ግራዝማች፤ እንዴት አድርጌ እሰጥዎታለሁ? ቢፈልጉ በመጡበት እግራቸው ይመለሱ ነበር።"

"በድያለሁ" አለ ድምፁ ተሰብሮ። "እሸቴን በድያለሁ። እናቱንም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ..."

"እግዚአብሔር ካወቀ ለእኔ ምን ይነግሩኛል?" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እርስዎም ግን መምጣት ይችላሉ። ማንም አይከለክልዎትም። ቤትዎን ይንቀሉ፣ በረንዳውን ሳይቀር፤ ቦታ እሰጥዎታለሁ። አምባዬ ይከድንልዎታል።"

የበቅሎውን ልጓም እስኪያመው ጨበጠ። የአባቱን ቤት በገዛ እጁ አፍርሶ፣ በአንድ መበለት ሰጪነት ጎጆ ሊቀልስ! በቅሎውን አዞረ። ሸዋዓለም ከኋላው "ደህና ይግቡ" አለች።

ቄስ ገብረወልድ ያን ሰምተው መጡ። "ልጄ፣ ይበቃል። የተዋረደውን ሰው ይቅር በይው።"

"አባ፣ ቤት ያፈረሰው የእኔን ነው፤ ያንን ይቅር ልለው እችል ይሆናል። በዝናብ የሞቱት ግን እኔ አይደለሁም። የሳቸውን ይቅርታ እኔ ከየት አመጣለሁ?"

ቄሱ መለሱላት፣ መከሩ፣ ጥቅስ ጠቀሱ። ሰማቻቸው፣ እጃቸውን ሳመች፣ ሸኘቻቸው። ልቧ ግን ንቅንቅ አላለም።

ክረምቱ ሲያልቅ ተክለማርያም እንደ ልማዱ ለአባቱ ስንቅ ይዞ ሲወርድ፣ ግራዝማች በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኘው። ልጁ እያለቀሰ ወደ ቀበናዋ ተመለሰ። አስከሬን የሚሸከም፣ መቃብር የሚቆፍር ያስፈልገዋል፤ ቡርቃ ላይ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ከውሻው በቀር የለም። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ሸዋዓለም ተመለከተ።

"ምን ታዩኛላችሁ? ውረዱ እንጂ" አለች። "አምጡት። እዚህ ይቀበራል።"

ተክለማርያም እግሯ ላይ ሊወድቅ ቃጣው። "እዚያው ከአባቱ ጎን ቢሆን ግን..."

"እዚያ ማን ይጠብቀዋል? ታቦቱ እዚህ፣ ቄሱ እዚህ፣ የልጅ ልጆቹ እዚህ። ጅብ እንዲያወጣው ትፈልጋለህ?"

እውነቷን ነበር። ወንዶቹ ወረዱ። ግራዝማች ብዙነህ፣ በሕይወቱ እምቢ ያለውን አቀበት፣ በድሮ ጭሰኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ወጣ። ሚካኤል አጥር ሥር ጉድጓድ ተቆፈረለት፤ መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ቁፋሮው ጊዜ ፈጀ። ሸዋዓለም ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ሰውም "አይ ሸዋዓለም! በመጨረሻ ማረችው፣ ክርስቲያን ናት" እየተባባለ አመሰገናት። ቄስ ገብረወልድ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ዙህራ የዚያን ሰሞን ከደሎ መና ደርሳ ነበር። ለቅሶው ተበትኖ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ጠጋ ብላ፣ "እውነት ማርሽው?" አለቻት።

ሸዋዓለም ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። "አባቱና አያቶቹ ያሉት እዚያ ታች ነው፤ እሱ እዚህ ነው። ከዘሩ ለየሁት። ቡርቃ አሁን ሙታኗን እንኳ የሚጠይቅላት የለም።"

"አስተግፊሩላህ" አለች ዙህራ በቀስታ፣ ፊቷን ወደ እሳቱ አዙራ።

ሸዋዓለም ግን አልሰማቻትም፣ ወይም ያልሰማች መሰለች። ከሳነቴ በኩል የበቅሎ ደወል ይመጣ ነበር። ተነሥታ ለማሚቱ ድርቆሽ እንድታወጣ ነገረቻትና፣ ቅንጬው እንዳይቀዘቅዝ እሳቱ ላይ አስታ ጨመረችበት።